«ምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ ሰዓቱ መቼ ነው?

መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ስዊድን ውስጥ በሉንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አን ሉሊዬ ፊዚክስ እያስተማሩ ነበር። በእረፍት ሰዓት ስልካቸውን ሲያነሱ የኖቤል ሽልማት ማሸነፋቸው ተነገራቸው። ወደ ክፍል ተመልሰው ትምህርቱን ጨረሱ። የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ቀላል እንዳልነበረች በኋላ ተናግረዋል።

ሽልማቱን የተጋሩት ከፒየር አጎስቲኒና ከፈረንስ ክራውስ ጋር ነው። ሥራቸው እጅግ አጭር የብርሃን ብልጭታ መፍጠር ነው፤ መለኪያው አቶሰከንድ ይባላል። አንድ ሰከንድን ለቢሊዮን ከፍለው፣ ያንኑ ስባሪ እንደገና ለቢሊዮን ቢከፍሉት የሚገኘው እሱ ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ከሁሉም ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ይታወቃል፦ ለመሆኑ ይሄ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ኑሮ የከበደው ሕዝብ ገንዘቡ የት እንደሚገባ መጠየቅ መብቱ ነው። ችግሩ ጥያቄው የሚጠየቅበት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ለማየት ከዚህ ሽልማት ጀርባ ያለውን ታሪክ ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

አቶም ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ይይዛል። አንዱን ሲነጠቅ አዮን ይሆናል። ብርሃን ኤሌክትሮን መንጠቅ እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። አንስታይን በ1905 ባቀረበው ማብራሪያ መሠረት ግን ብርሃን የሚከፍለው በቁርጥራጭ ነው። ቁርጥራጩ ፎቶን ይባላል። የአንዱ ፎቶን ጉልበት ካልበቃ፣ ብርሃኑ ምንም ያህል ቢደምቅ ኤሌክትሮኑ ንቅንቅ አይልም።

በቁጥር እንየው። የሃይድሮጅንን ኤሌክትሮን ለማላቀቅ 13.6 ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል። ዛሬ በየቤተ ሙከራው የተለመደው ለዓይን የማይታይ ቀይ ሌዘር በአንድ ፎቶን የሚሰጠው 1.55 ገደማ ነው። በአንስታይን ሒሳብ ነገሩ አለቀለት።

ማሪያ ጎፐርት-ማየር ግን በ1931 አንድ አቶም ሁለት ፎቶን በአንድ ጊዜ ሊውጥ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ማረጋገጫ አልነበረም፤ ያን ያህል የበረታ ብርሃን በምድር ላይ አልነበረምና። የመጀመሪያው ሌዘር የበራው በ1960 ነው። በዓመቱ ስሌታቸው ትክክል ሆኖ ተገኘ። ሠላሳ ዓመት ወረቀት ላይ የተቀመጠ ሐሳብ ማለት ነው።

በ1964 ደግሞ የሞስኮው ሊዮኒድ ኬልዲሽ ከዚህ አልፈው ሄዱ። ብርሃን የኤሌክትሪክ መስክም ነው፤ በየቅጽበቱ አቅጣጫውን ይገለባብጣል። ሌዘሩ በጣም ከበረታ ይህ መስክ ኤሌክትሮኑን አጥሮ የያዘውን ግንብ ራሱን ያጣምመዋል። ግንቡ በአንድ በኩል ይሳሳል። ኤሌክትሮኑም ግንቡን ሳይዘል በውስጡ ሾልኮ ይወጣል። በኳንተም ዓለም ይህ ይፈቀዳል። የኬልዲሽ ትልቁ ነገር፣ ብዙ ፎቶን መዋጡም ሆነ በግንቡ ውስጥ መሹለኩ የአንድ ክስተት ሁለት ገጽታ መሆኑን ማሳየታቸው ነው። የትኛው እንደሚጎላ የሚወስነው የብርሃኑ ብርታትና የሞገዱ ድግግሞሽ ነው። ሌዘር ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ ቤተ ሙከራዎቹ ተራቸውን ያዙ። በ1979 ፈረንሳይ ሳክሌ ውስጥ አጎስቲኒና ባልደረቦቻቸው የዜነን ጋዝን በሌዘር ሲመቱ አንዳንዶቹ ኤሌክትሮኖች ለመውጣት ከሚያስፈልጋቸው በላይ ፎቶን ውጠው አገኟቸው። በ1987 እዚያው ሳክሌ ውስጥ ሉሊዬና ባልደረቦቻቸው ሌላ ያልተጠበቀ ነገር ገጠማቸው። ክራር ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ቀጫጭን ድምፆች አብረው ይወጣሉ። በሌዘር የተመታው ጋዝም እንደዚያው ከዋናው ብርሃን በብዙ እጥፍ ፈጥነው የሚርገበገቡ ብርሃኖች አወጣ። እጥፉ ከፍ ባለ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል ተብሎ ነበር የሚጠበቀው። አልደከመም። አርጎን ላይ እስከ 33ኛው እጥፍ ድረስ ተቆጠረ።

ለምን? መልሱን በ1993 ካናዳዊው ፖል ኮርከም ቀለል አድርገው አስቀመጡት። ሾልኮ የወጣው ኤሌክትሮን ሩቅ አይሄድም። መስኩ ሲገለበጥ ወደኋላ ይጎትተዋል፤ ተመልሶ ከገዛ አቶሙ ጋር ይላተማል። በግጭቱ ያጠራቀመውን ጉልበት በብልጭታ ይተፋል። ብልጭታው የአቶሰከንድ ዕድሜ አለው። በ2001 አጎስቲኒ በፓሪስ አቅራቢያ፣ ክራውስ በቪየና ይህንኑ ለክተው አሳዩ። ዛሬ በዚህ ዘዴ አንድ ሞለኪውል ኤሌክትሮን ሲነጠቅ የተፈጠረው ክፍተት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲዘዋወር መከታተል ተችሏል።

አሁን ጥቅሙን እንጠይቅ። ጥቅሙ የመጣው ማንም ባልጠበቀው በር ነው።

ዠራር ሙሩና ተማሪያቸው ዶና ስትሪክላንድ በ1985 አጭር የሌዘር ብልጭታን እጅግ የማበርቻ ዘዴ ፈጥረው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን፣ በሙሩ ቤተ ሙከራ የሚሠራ አንድ ተማሪ በእንዲህ ያለ ሌዘር ዓይኑን ተመታ። ያዩት ሐኪም በቁስሉ ተገረሙ፦ ጥቃቅን፣ ጥርት ያለ፣ ዙሪያው ያልተቃጠለ። ምክንያቱ ከላይ የተባለው ነው። ብርሃኑ በጣም ብርቱና በጣም አጭር ስለሆነ ሙቀት ከመዛመቱ በፊት ኤሌክትሮኖቹን ነጥቆ ይጨርሳል። ዛሬ መነጽር ለመጣል በሚደረግ ቀዶ ሕክምና የዓይን ብሌንን ፊት በዚህ ሌዘር መቁረጥ የተለመደ ሆኗል። ሙሩና ስትሪክላንድ በ2018 የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ።

እንግዲህ በ1931 ጎፐርት-ማየርን «ምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ የበጀት ኃላፊ ቢኖር ምን ይመልሱለት ነበር? ኬልዲሽስ በ1964? ሁለቱም ስለ ዓይን ሕክምና አላሰቡም። ያልተመለሰ ጥያቄ ነበራቸው፤ ጥያቄያቸውን እንዲጨርሱ የተዋቸው ተቋም ነበራቸው። ይኸው ነው።

ዋጋውም ለሁሉም እኩል አልተከፈለም። ኬልዲሽ በ2016 አረፉ፤ ሽልማቱ የመጣው ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ኮርከም ከሦስቱ ተሸላሚዎች ውስጥ አልነበሩም። ለሽልማት ብሎ የሚሠራ ሰው ይህን መንገድ አይጀምረውም።

እኛ ዘንድ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ይሂድ የሚል ፖሊሲ ነበር። ወንበሩ ተቆጠረ። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ልጅ ግን «ይህ ለምን ሆነ?» ብሎ አምስት ዓመት የሚቆዝምበት ጊዜና ቦታ በመቶኛ አልተሰላለትም። ሳይንስን ለፋብሪካ ብቻ ያዘዘ አገር የሚያገኘው የሌላውን ግኝት የሚገጣጥም ባለሙያ ነው። እሱም ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን አይበቃም።

ድሃ አገር የሌዘር ቤተ ሙከራ ላይ ገንዘቡን ይርጭ ማለት አይደለም። የስሌት ወረቀት ግን ውድ አይደለም፤ የጎፐርት-ማየርም የኬልዲሽም ሥራ ስሌት ነበር። ውዱ ነገር ትዕግሥት ነው። «ምን ይጠቅማል?» መጠየቁ ይቀጥል፤ ነገር ግን ዘሩ በተዘራ ማግስት አዝመራውን የሚጠይቅ ገበሬ የለም።