ከሳውዝሃምፕተን ወደብ፦ የመሳፈሪያችን ቀን

ታክሲያችን ከሳውዝሃምፕተን ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ወደ ወደቡ ሲታጠፍ፣ ከመጋዘኖቹ ጣሪያ በላይ ቀይና ጥቁር የተቀባ ትልቅ ነገር ብቅ አለ። «ምንድን ነው እሱ? ፋብሪካ ነው?» አሉ አክስቴ። ጭስ ማውጫዋ ነበር! እየቀረብን ስንሄድ ከሥሩ በረንዳ በበረንዳ ላይ የተደረደረ ነጭ ፎቅ፣ ከነጩም ሥር ረጅም ጥቁር አካል ታየን። ጫፏን ፈለግሁ፤ የታክሲው መስኮት አልበቃኝም። ኩዊን ሜሪ 2 ርዝመቷ 345 ሜትር መሆኑን ለንደን ሳለሁ አንብቤያለሁ። ማንበብ ሌላ፣ ሥሯ ቆሞ አንገትን ቀና አድርጎ ማየት ሌላ!

ከለንደን ኒው ዮርክ በአውሮፕላን ስምንት ሰዓት ያህል ነው። እኛ ግን ሰባት ሌሊት ልናድር ነው። ምክንያቱ አክስቴ ናቸው። ከዓመታት በፊት ወደ ለንደን ያመጣቸው አውሮፕላን አየር ላይ ሲናወጥባቸው፣ በሰላም ከወረዱ ዳግመኛ ላይሳፈሩ ለራሳቸው ቃል ገቡ። ሜሪላንድ ያለችው ልጃቸው ልታገባ ነው ሲባል ግን መቅረት የማይታሰብ ሆነ። «እትዬ፣ በባሕር እንሂድ?» አልኳቸው። «በባሕር የሚሄድ ሰው አሁንም አለ እንዴ?» አሉኝ። አለ! ዛሬ መንገደኛ ጭና አትላንቲክን በመደበኛነት የምታቋርጥ ውቅያኖስ ተሻጋሪ መርከብ በዓለም ላይ ይህች አንዷ ብቻ ናት። ሌሎቹ ግዙፎች የተሠሩት ለሽርሽር ነው። ይህችን ስቲቨን ፔይን የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ የነደፋት የሰሜን አትላንቲክን ማዕበል እየሰነጠቀች እንድትሄድ ነው፤ አፍንጫዋ የረዘመው፣ ነፍስ አድን ጀልባዎቿም ከሌሎች መርከቦች ይልቅ ከፍ ብለው የተሰቀሉት ለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ያስደነቀኝ የሻንጣው ነገር ነው። አውቶቡስ ተራን እያየ ያደገ ሰው ሻንጣውን ከዓይኑ አይለይም። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ እስኪያስረው ድረስ ከታች ቆሞ ይጠብቃል፤ መንገድ ላይ መኪናው በቆመ ቁጥርም ወርዶ ያያል። እዚህ ከታክሲው ገና ስንወርድ ደማቅ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መጡ፤ እጀታው ላይ የታሰረውን ወረቀት አዩ፣ ጋሪ ላይ ጫኑት፣ ይዘውት ሄዱ። አለቀ። «ልጄ፣ ደረሰኝ እንኳ አልሰጡንም እኮ!» አሉ አክስቴ ክንዴን ጨብጠው። ደረሰኙም አድራሻውም ያች ወረቀት ናት፤ ስማችንና የክፍላችን ቁጥር ተጽፎባታል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሳፈሩ ሁሉ ወረቀቷን ከቤታችሁ ሳትወጡ አትማችሁ በያንዳንዱ ሻንጣ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ካለፈ በረራ የተረፈ ወረቀት ካለም ቅደዱት። ከዚያ በኋላ እጃችሁን እያወዛወዛችሁ ግቡ። ይህን ያህል ቀሎኝ ጉዞ ጀምሬ አላውቅም።

ሻንጣው ክፍላችሁ በር ላይ የሚደርሰው ግን ከሰዓታት በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ይመሻል። እስከዚያ ድረስ የምትኖሩት በእጃችሁ በያዛችሁት ቦርሳ ነው። የአክስቴ ቦርሳ ውስጥ ፓስፖርት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ መነጽር፣ ዳዊታቸው፣ ነጠላና ለእራት የሚለብሱት ቀሚስ ነበር። ቀሚሱን የያዝነው በምክንያት ነው፤ በዚህች መርከብ ላይ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ወዲያ ሰው ዘነጥ ብሎ ነው ለእራት የሚወርደው። ፓስፖርትና ቪዛ ሻንጣ ውስጥ ከገቡ ደግሞ ነገር ተበላሸ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ቪዛውን ብሩክሊን ደርሶ ከማሳየቱ በፊት እዚሁ ሳውዝሃምፕተን ላይ ይጠየቃል። የብሪታንያ ፓስፖርት ያለውም ኢስታ የሚባለውን የኢንተርኔት ፈቃድ ቀደም ብሎ መያዝ አለበት።

የቡናውን ነገር ላንሳ፤ የኛ ሰው ያለ እሱ መንገድ አይወጣምና። አክስቴ ለሙሽራዪቱ ያሉትን ጀበና ከስኒው፣ ከዕጣኑና ከአነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ ጋር አንድ ላይ አሽገው ነበር። ባሕር ላይ ከምንም በላይ የሚፈራው እሳት ነው። ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማና ዕጣን ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ፍተሻው ላይ ከተገኘ ይወሰዳል። ይህን ቀድመን ስላነበብን ምድጃውና ዕጣኑ ለንደን ቀሩ፣ ጀበናው መጣ። ካውያ ደግሞ መርከቧ ላይ በልብስ ማጠቢያው ክፍል አለ፤ ሻይ የሚወድም ማፍያውን ክፍሉ ውስጥ ያገኘዋል።

ፍተሻው የአውሮፕላን ማረፊያው ዓይነት ነው፤ ችኮላው ግን የለም። ፎቶ ያነሷችሁና አንድ ካርድ ይሰጧችኋል። ይህች ካርድ የክፍላችሁ ቁልፍ ናት፤ መርከቧ ላይ ለምትገዙት ሁሉ የምትከፍሉባትም፣ መግቢያና መውጫችሁም እሷው ናት። ከዚያ ሽፍን በሆነው መሸጋገሪያ ትንሽ ትራመዳላችሁ፤ ውሃ አታዩም፣ መርከብ አታዩም፤ ብቻ በሩን ስትሻገሩ ምንጣፍ ትረግጣላችሁ። አክስቴ ቆም አሉ። የተጠማዘዘ ሰፊ ደረጃ፣ የሚያብረቀርቅ እንጨት፣ ከፍ ብሎም ጆን መኬና የተባለው ቀራጺ ከነሐስ የሠራው ትልቅ ምስል። «መርከቡስ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «ውስጡ ነን፣ እትዬ!» ሳቃቸው አዳራሹን ሞላው፤ በአጠገባችን የሚያልፉት ባልና ሚስትም ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረውን ሳቁ።

መጥፋት አይቀርም፤ ኮሪደሩ ይረዝማል፣ በሮቹም ሁሉ አንድ ናቸው። እኛን ያዳነን ደረጃዎቹን መያዛችን ነው። ከፊት ወደ ኋላ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተብለው ተሰይመዋል፤ ክፍላችሁ ለየትኛው እንደሚቀርብ አንድ ጊዜ ካወቃችሁ የትም ብትሄዱ ትመለሳላችሁ። ክፍል ስትመርጡ ደግሞ፣ ማጥወልወል የሚያሰጋው ሰው ከፍ ያለውንና ወደ ጫፍ የወጣውን ይተው፤ መርከቧ ወደ መሐልና ዝቅ ባለው በኩል ነው ረጋ የምትለው። እኛም ያንኑ መረጥን፤ አክስቴ ደግሞ ዝንጅብላቸውን ይዘዋል። ክፍላችንን የሚያሰናዳው ፊሊፒንሳዊ ወጣት መጥቶ ሲተዋወቀን፣ እጁን ይዘው በአማርኛ መረቁት። ራሱን ዝቅ አድርጎ ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ተቀበለ። ደስ አለኝ።

በዚያ ሰዓት አዲስ ገቢ ሁሉ የሚጎርፈው ወደ ሰባተኛው ወለል ቡፌ ነው። እኛም በላን፤ ከዚያ ግን ሌላው ሰው ሰልፍ ላይ እያለ በጎን ባለው ከባድ በር ወደ ውጭ ወጣን። የኔን ልብ የወሰደው ይህ ነው! መርከቧን ዙሪያዋን የሚከብ የእንጨት መራመጃ፤ ከራሳችሁ በላይ ነፍስ አድን ጀልባዎቹ ተሰቅለዋል፤ ከጎናችሁ ያለውን መደገፊያ ብረት ተደግፋችሁ ወደቡን ቁልቁል ታያላችሁ። ወደ ፊት ስትራመዱ አፍንጫዋ ላይ የመለዋወጫ ፕሮፔለር ቅጠሎች ሽቅብ ተተክለው ቆመዋል፤ እያንዳንዱ ከሰው ቁመት ይበልጣል። አክሱም ሄዶ ሐውልቶቹን ያየ ሰው አቋማቸው ይታወሰዋል። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው «እዚህ ጋ አንሺኝ» አሉኝ፤ አነሳኋቸው።

መርከቧ ከመነሳቷ በፊት ማንም የማይቀርበት ግዴታ አለ፤ የአደጋ ጊዜ ልምምዱ። የመሰብሰቢያ ቦታችሁ ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል፤ ሄዳችሁ ቦታውን ማወቅና የተንሳፋፊውን ጃኬት አለባበስ ማየት አለባችሁ። ምልክቱ ሰባት አጭር ጥሩምባና አንድ ረጅም ነው። ሰው እያዛጋ ሲያልፈው አይቻለሁ፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ ነው የተከታተልኩት። ታይታኒክ በ1912 እ.ኤ.አ. የተነሳችው ከዚሁ ከተማ ነው፤ ዛሬ መርከቦች ሁሉ የሚተዳደሩበት ዓለም አቀፍ የደኅንነት ስምምነት መነሻውም በ1914 የእሷን መስጠም ተከትሎ የወጣው ነው። ይህን እያወቅሁ ጃኬቱን አንገቴ ላይ ሳጠልቅ ፍርሃት አልተሰማኝም፤ ለኔ ደኅንነት ቀድመው ላሰቡ ሰዎች ምስጋና ነው የተሰማኝ።

ማምሻውን ሁለታችንም ወደ ላይኛው ወለል ወጣን። ምክሬ አንድ ብቻ ይሁን ብትሉኝ ይህን እሰጣችኋለሁ፦ መርከቧ ከወደቡ ስትላቀቅ ክፍላችሁ ውስጥ አትገኙ። ሻንጣው ይቆይ፣ ልብሱ ይቆይ፤ ወደ ላይ ውጡ! እኛ የቆምነው ከግዙፉ ጭስ ማውጫ አቅራቢያ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ጥሩምባ ከፊተኛዋ ኩዊን ሜሪ የመጣ ነው። ያች መርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኒው ዮርክ የተነሳችው ከዚሁ ከሳውዝሃምፕተን፣ ግንቦት 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር። ሳምንት ቆይቶ፣ ግንቦት 26 ቀን፣ ኦርፎርድ በተባለች መርከብ አንድ ስደተኛ ንጉሥ እዚሁ ወደብ ወረዱ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ አገራቸው በጣልያን ተይዛ። ይህን ስነግራቸው አክስቴ ዝም ብለው ወደቡን አዩ። «ጃንሆይ እዚህ ነው የወረዱት?» አሉ። «እዚህ ነው፣ እትዬ።» «በቀዝቃዛው አገር...» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥሩምባው የጮኸው ያኔ ነው። ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ይነዝራል፣ የያዝነው መደገፊያ ብረት ጭምር ተንቀጠቀጠ። 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ይላሉ፤ አምናለሁ። አክስቴ በሁለት እጃቸው ጆሯቸውን ይዘው እንደ ልጅ ሳቁ፣ ከዚያም እልል አሉ። እልልታ! አንድ አዛውንት እንግሊዛዊ ባርኔጣቸውን አነሱላቸው።

«ቆመናል ወይስ ሄደናል?» አሉኝ ቆየት ብለው። ቁልቁል አሳየኋቸው። በመርከቧና በወደቡ መካከል አንድ እርምጃ የማትሞላው ውሃ እየሰፋች፣ እየሰፋች ሄዳ መንገድ አከለች። ምንም መንገራገጭ የለም፣ ምንም ማስነሻ ጩኸት የለም። ከዚያ ሳውዝሃምፕተን ወደ ኋላችን ቀረች፤ የፎሊ ነዳጅ ማጣሪያ በቀኝ አለፈ፤ ሸራ የወጠሩ ትንንሽ ጀልባዎች አጀቡን፤ የዋይት ደሴትን ስንጠጋም ዳር የቆሙ ሰዎች እጃቸውን ያውለበልቡልናል። አያውቁንም እኮ! አገሬ የአውቶቡስ መንገደኛን የሚሸኘው ዘመድ ነው፤ እዚህ አገሩ በሙሉ ወጥቶ የሸኘኝ መሰለኝ።

ስልክ የምትደውሉት እዚሁ፣ መሬት ሳይርቅ ነው። ሜሪላንድ ደወልን፤ ሙሽራዪቱ ጩኸቱን በስልክ ሰምታ አለቀሰች። ከዚያ ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ቀየርኩት፤ ባሕር ላይ የመርከቧ ኔትወርክ ከያዘው ሂሳቡ ውድ ነውና።

ፍልሰታ ነበረች። ለእራት የወረድንበት ምግብ ቤት ብሪታኒያ ይባላል፤ ሁለት ወለል ከፍታ ያለው፣ ግድግዳው ላይ ኒው ዮርክን፣ ድልድይንና መርከብን የሚያሳይ ግዙፍ ጥልፍ የተሰቀለበት ነው። ከመቀመጣችን የአስተናጋጆቹን አለቃ ጠርቼ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ እንደማንበላ ነገርኩት። «ቪጋን» ስትሉት ወዲያው ይገባዋል። የሳምንቱን ሁሉ መዝግቦ ያዘ፤ የሚጾም ሰው ይህን የመጀመሪያዋ ማታ ቢጨርስ ሰባቱን ሌሊት እፎይ ይላል። አክስቴ ጾም ሳይፈርስ እንዲህ ያለ ማዕድ መኖሩን ማመን አልቻሉም፤ የምስር ሾርባውን ሁለት ጊዜ አስደገሙ።

ስንመለስ ሻንጣዎቹ በሙሉ በራችን ላይ ተደርድረዋል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሯቸው፤ ጀበናውንም አውጥተው ከስንጥቅ የጸዳ መሆኑን አዩ። ልብሱን ሁሉ ቁምሳጥን ውስጥ ሰቀልን፣ ባዶ ሻንጣዎቹን አልጋ ሥር አስገባን። ከዚያ የሰዓቱን ነገር ነገርኳቸው፤ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ አምስት ሌሊት ሰዓት አንድ አንድ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አምስቱ ቀኖችም 25 ሰዓት ይኖራቸዋል።

«እንኳን! ለጸሎት አንድ ሰዓት ተጨመረልኝ» አሉ አክስቴ። «ያን ሰባተኛውን ወለል ሦስት ጊዜ ብንዞረው ስንት ይሆናል አልሽኝ?»

«ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ እትዬ።»

«በይ ጠዋት ቀስቅሺኝ፤ ስድስት ጊዜ እንዞረዋለን።»