የጣራ ጣራ

ጣና ዳር አንዲት ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት አለች፤ ትልቅ ዋርካ ሥር ነው የምትቀመጠው። ጥላው ኪራይ አይጠየቅበትም። ዋርካ ግን ጥላ ብቻ አይሰጥም፤ ፍሬው ሲበስል ወፍ ይሰፍርበታል፣ ከወፍ የሚወርደውን ደግሞ ሲኒ ለያዘ ሰው ባላነሣበት ይሻላል። እናም ከዋርካው በታች ሸራ ወጥራለች። ቡናዬ የዘጌ ነው ትላለች። ዘጌ ላይ ቡናው ራሱ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚያድገው፤ የረገፈው ቅጠል ፍግ ይሆነዋል። ተክሉ የሚወደውን ሲኒው አይወድም።

እዚያው እንደተቀመጥኩ ዴንቨር ያለው የእህቴ ልጅ ደወለ። መኪና የሚጎትተው ቤት ገዝቷል። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፤ ሲቆም ደግሞ ከጎኑ እንደ መሳቢያ ተስቦ የሚወጣ ክፍል አለው።

«ጋሼ፣ የክፍሏ ጣራ ላይ ሸራ ላሠራ ወይስ ይቅር?»

«ጣራ የላትም እንዴ?»

«አላት።»

«ታዲያ?»

ጥድ ሥር ሲያድር ቅጠሉና ጭራሮው ጣራዋ ላይ ይከማቻል፤ ክፍሏ ስትመለስ ሁሉንም ይዛ ትገባለች፣ ጠርዙ ላይ ውሃ የሚከለክለውን ጎማም ትጎዳለች። ሸራው በሞላ የሚሠራ ነው፤ ስትወጣ አብሯት ይዘረጋል፣ ስትገባ ይጠቀለላል። «ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?» ልለው ስል ጉዱን አመጣው። ነፋስ ሲነሣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ነጋሪት ይመታል፤ ዝናብ ሲጥል መሐሉ ረግቦ ውሃ ይቋጥራል።

ቀና አልኩ። ወሩ ሐምሌ ነው፤ የሌሊቱ ዝናብ የሴትዮዋን ሸራ ሆዱን ነፍቶታል። መጥረጊያዋን ገልብጣ በእጀታው ገፋ አደረገችው፤ ውሃው አሁን የተቀመጠው ባለ ባጃጅ ላይ ዱብ አለ።

«እታለም፣ ጥምቀት እኮ ገና ነው!»

የሱም ባጃጅ ጣራዋ ሸራ ነው፤ ሸራው ላይ ላስቲክ አልብሷታል። ሸራው እንዳያረጅ ነው ይላል። ላስቲኩስ? አልጠየቅኩትም፤ የኔም ቤት ሪሞቱ እስከዛሬ ከላስቲኩ አልወጣም፣ ቴሌቪዥኑም ዳንቴል ለብሷል።

ነገሩ የባጃጅና የሪሞት ብቻ ቢሆን ስቄ ባለፍኩ። ላሊበላ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ መጠለያዎች ተተክለው አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ጋረዱ። ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ዝናቡን ከለከሉ፤ ጭንቀቱ ግን መልኩን ለወጠ፣ መጠለያው ራሱ ወድቆ ዓለቱን ቢጎዳስ? በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሰው ለዚሁ ሰልፍ ወጣ። ለመጋረጃ የሚጨነቅ ሰው ማየት ከዚያ ወዲህ አያስቀኝም።

«አሠራው» አልኩት። ጥድ ሥር የሚያድር ከሆነ ያስፈልገዋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ኖሮ ተው እለው ነበር። ደግሞም ከመሄዱ በፊት ክፍሏን ትንሽ ገባ አድርጎ ውሃውን ያፍስስ፤ ሸራው ሲረግብ ሰው ከሥሩ እንዳይቀመጥ።

ሴትዮዋ ይህን ጊዜ የሸራውን አንድ ገመድ ፈትታ ዝቅ አድርጋ እያሰረች ነበር፤ ውሃው ወደ ሐይቁ በኩል እንዲወርድ። ባለ ባጃጁ ዱካውን ይዞ ወደ እኔ ተጠጋ። ስልኩ ውስጥ ልጁ አልዘጋም፤ የመጥረጊያዋን ነገር ነግሬው ነበር።

«ጋሼ፣ የመጥረጊያው እጀታ ስንት ክንድ ይሆናል?»