ቤት የእግዜር ነው

ሰው ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ግድግዳውና ስለ ጣራው ነው፤ በሩ ለማን እንደሚከፈት ግን ብዙ ጊዜ አያስብም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ስሕተቴን በደንብ የተረዳሁት በእርጅናዬ፥ ከአገሬ ርቄ፥ በኢጣልያ ከተማ በጄኖቫ ስመላለስ ነው።

በዚያች የወደብ ከተማ የምትኖረው ልጄ ጠርታኝ አንድ ወር ያህል ተቀምጬ ነበር። እርሷ ወደ ሥራዋ ስትሄድ እኔ ከዘራዬን ይዤ፥ ዛሬ በጋሪባልዲ ስም ወደሚጠራው መንገድ እወጣለሁ። የቀድሞ ስሙ «ስትራዳ ኑዎቫ»፥ ማለት «አዲስ መንገድ» ነበር። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1551 ዓ.ም. ጀምሮ (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በንግድና በገንዘብ ማበደር የከበሩ መኳንንት ቤተ መንግሥት የሚያህሉ ቤቶች በግራና በቀኝ አሠሩበት። መንገዱ ርዝመቱ 250 ሜትር ያህል ነው፤ ጠባብ ስለ ሆነም የቤቶቹን ጫፍ ለማየት አንገትን ወደ ኋላ መጣል ያስፈልጋል። በተከፈተው በር አሻግሮ የሚመለከት ሰው ግቢውን፥ የድንጋይ ደረጃውንና በዓምድ የተደገፈውን ሰገነት ያያል።

ይህ ሁሉ ክፍል ለምን ይሆን ብዬ መጽሐፍ ገዝቼ አነበብሁ። ጄኖቫ ንጉሥ የሌላት ሪፐብሊክ ነበረች። ስለዚህ መንግሥቷ በ1576 የታላላቅ ቤቶችን ዝርዝር አወጣ፤ ዝርዝሩም «ሮሊ» ይባል ነበር። ንጉሥ ወይም አምባሳደር በመጣ ጊዜ፥ ለእንግዳው ማዕርግ ከሚመጥኑት ቤቶች መካከል ዕጣ ይጣላል፤ ዕጣው የወጣበት ባለቤት በሩን ከፍቶ እንግዳውን ይቀበላል። መዝገብ ውስጥ መግባት ግዴታም ክብርም ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ ደነገጠ።

በወጣትነቴ በአንድ የገጠር ከተማ አስተማሪ ሳለሁ፥ ከደመወዜ እየቆጠብሁ አራት ክፍል ቤት ሠራሁ። ጎረቤቶቼ «ቤት ለእንቦሳ» ብለው ገቡ፤ እኔም «እንቦሳ እሰሩ» ብዬ ተቀበልሁ። አንዱን ክፍል ለእንግዳ ብዬ አዲስ አልጋ አስገባሁበት፥ ነጭ አንሶላም አነጠፍሁበት፤ ከዚያም ቆልፌ ቁልፉን በኪሴ ያዝሁ። በክረምት አንድ ማታ፥ ያስተማርሁት ልጅ አባት፥ አንድ ባላገር አዛውንት፥ በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ፈተና ማለፉን ሊነግሩኝ ዶሮ ይዘው ከሩቅ መጥተዋል። «ጌታዬ፥ መሽቶብኛል፤ የእግዜር እንግዳ ነኝ» አሉኝ። እኔ ግን ጭቃ የሸፈነውን እግራቸውን አየሁና አንሶላውን አሰብሁ። «አባቴ፥ ዛሬስ ቤቱ በእንግዳ ተይዟል» ብዬ ዋሸሁ። መርቀውኝ፥ ዶሮይቱንም ከደጃፉ አስቀምጠው፥ በዝናብ ሄዱ። የት እንዳደሩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዶሮይቱን ግን በላናት።

የጄኖቫ መኳንንት በጎች ስለ ነበሩ በራቸውን ከፈቱ አልልም፤ ሕግ አስገድዷቸዋል፥ የተቀበሉትም የከበረውን እንጂ እግሩ የጨቀየውን አልነበረም። ነገር ግን እኔን «ቤት የእግዜር ነው» የሚለው የአባቶቼ ልማድ አስተምሮኝ ሳለ፥ ማንም ሳያስገድደኝ ዘጋሁ።

ለእስፓንያ ንጉሥ ለሁለተኛው ፊሊፕ ያበድር የነበረው ኒኮሎ ግሪማልዲ በ1565 ያስጀመረው ታላቅ ቤት ዛሬ በስሙ አይጠራም። በ1597 ወደ ዶሪያ ቤተ ሰብ ተላለፈ፤ ከ1848 ጀምሮም የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። በዚያው መንገድ ያለውን «ቀዩን ቤት» ደግሞ ማርያ ብሪኞሌ ሳሌ የምትባል ወይዘሮ በ1874 ከነሥዕሎቹ ለከተማይቱ ሰጠች። እኔ ወደዚያ የገባሁ ዕለት ዝናብ ነበረ፤ ጫማዬ ረጥቦ ነበር። ዘበኛው ግን እግሬን አላየም፤ እጁን ዘርግቶ አስገባኝ። በሥዕሎቹ መካከል ቆሜ ያን ሽማግሌ አሰብሁ፥ አለቀስሁም።

ልጆቼ ሆይ፥ ነገ እናንተም ቤት ትሠራላችሁ። ግድግዳው ያምር፥ ጣራውም ይጽና፤ ነገር ግን የእንግዳውን ክፍል ቁልፍ በኪሳችሁ አትያዙ። አንሶላ ይታጠባል፤ የተመለሰ እንግዳ ግን ዳግመኛ ላያንኳኳ ይችላል።