የመጽሐፍ ስጥ

ገበሬ እህሉን እንደሚያሰጣ ሁሉ እኔም ባለፈው መስከረም በአስኮ ከቤቴ ደጃፍ ሰሌን ዘርግቼ መጻሕፍቴን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱን ሁሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ የቆርቆሮው ምስማር በላላበት በኩል ገብቶ፥ ኮርኒሱን አልፎ፥ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። እኛ በእንቅልፍ ላይ ስለ ነበርን የሰማ የለም። ሲነጋ ብናይ የላይኛው ረድፍ እንደ ተነከረ ጨርቅ ሆኗል። ካሉኝ 140 ያህል መጻሕፍት 37ቱ ረጥበው ነበር፤ ከእነዚህም 9ኙ ቅጠላቸው እርስ በርሱ ተጣብቆ ለንባብ የማይሆኑ ሆኑ።

ቤታችን ወደ ቡራዩና ወደ አምቦ ከሚወስደው ጎዳና የራቀ ስላይደለ አላፊ አግዳሚው ብዙ ነው። አንዱ ቆሞ ዋጋ ይጠይቀኛል። «ቁራሌው» እያለ የሚዞረው ነጋዴ ደግሞ ሚዛኑን አውርዶ በኪሎ ልግዛህ አለኝ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ግን አጥሩን ተደግፈው፥ «ልጄ፥ ምን አሰጣህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «መጽሐፍ ነው፥ እማማ» ብላቸው፥ «እንግዲያውስ ዶሮ አይለቅመውም፤ ልጆቹን ከጥበቃ አሳርፋቸው» ብለው እየሳቁ አለፉ።

ባለቤቴ አልሳቀችም። «ቆርቆሮው ካልተለወጠ በሚመጣው ክረምት መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን እኛንም ማስጣት ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ግማሹን ሸጠህ ጣሪያውን አሠራ» አለችኝ። እውነትዋን ነው። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁና አልዘረዝረውም። ስለዚህ የትኛው ይቅር፥ የትኛው ይሂድ ብዬ 3 ቀን በሰሌኑ ላይ ተቀመጥሁ። 20 ዓመት ሙሉ የሌላውን ፍርድ ስጽፍ የኖርሁ ሰው በገዛ መጻሕፍቴ ላይ መፍረድ እንዲህ የሚከብድ አልመሰለኝም ነበር።

ስለ መዝሙረ ዳዊቴ ክርክር አልነበረም። ፊደል የቈጠርሁት በጎጃም ሲሆን ዳዊት በደገምሁ ጊዜ እናቴ ጠላ ጠምቃ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። በዚያን ጊዜ ከግእዙ ትርጓሜውን የማውቀው ጥቂቱን ነበረ፤ ድምፁ ግን በጆሮዬ ገብቶ ቀረ። ዛሬም አንድ ዐረፍተ ነገር ደህና ወይም ደካማ መሆኑን የምለየው አስቀድሞ በጆሮዬ ነው። የኔታ አንዲት ፊደል ስንስት ከሩቅ ሆነው ያርሙን ስለ ነበር፥ ዛሬ የተከራካሪን ቃል ስጽፍ ማንም ባያየኝ እንኳ የኔታ የሚሰሙኝ ይመስለኛል።

በ12 ዓመቴ አጎቴ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ከሚሲዮን ትምርት ቤት አገባኝ። የሚሲዮኑ መጻሕፍት ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች። እዚያ መጀመሪያ የተሰጠኝ ጆን በንያን ስለ አንድ ክርስቲያን መንገደኛ የጻፈው መጽሐፍ ነው። ደራሲው ስለ ሃይማኖቱ በታሰረበት ወህኒ ቤት መጻፍ እንደ ጀመረው ይነገራል፤ የታተመውም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1678 ነው። ያ ሸክሙን በጀርባው አዝሎ የሚሄደው ሰው ለእኔ እንግዳ አልሆነብኝም። አኮፋዳውን አንግቶ፥ የመንደር ውሻ እያባረረው፥ ስለ እግዚአብሔር እያለ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ አውቀዋለሁና። እንግሊዛዊው ደራሲ የእኛን ሀገር ተማሪ አይቶ የጻፈ መሰለኝ።

ሁለተኛው ሳሙኤል ጆንሰን የጻፈው፥ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሰው የራሴላስ ታሪክ ነው። ጆንሰን ሀገራችንን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። በወጣትነቱ ግን ሎቦ የሚባለው የፖርቱጋል ካህን ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 አሳትሞ ነበር። በ1759 እናቱ በሞተችበት ጊዜ የቀብሯን ወጪ ለመክፈል ብሎ ይህን የራሴላስን ታሪክ በጥቂት ቀን ጽፎ ጨረሰው። ሰው በተድላ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጦ ለምን ደስታን ያጣል የሚለው ጥያቄ ግሩም ነው። ነገር ግን ሁሉም ሰው በአንድ አፍ የሚናገር፥ ይልቁንም እንደ ሰባኪ የሚናገር ስለ ሆነ ከ2 ጊዜ በላይ አላነበብሁትም። ይሂድ ብዬ ለየሁት፤ ሲመሽ ግን መልሼ ወደ ቤት አስገባሁት። እናቱን ለመቅበር የጻፈውን መጽሐፍ በኪሎ መሸጥ አሳፈረኝ።

በነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ላይ ብዙ ተከራከርሁ። በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው፥ ዛሬ ሁሉ ጦቢያ እያለ የሚጠራው፥ የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ነው። ባለ ውለታው ማን እንደ ሆነ ሳያውቅ ውለታውን ለመክፈል ከቤቱ የሚወጣው ዋህድ፥ ወንድሟን ፍለጋ እንደ ወንድ ለብሳ የምትሄደው ጦቢያ፥ ሁለቱም በአእምሮዬ ሕያዋን ናቸው። አማርኛው እንደ ጠራ ማር ነው። ነገር ግን ደራሲው በጠላት ወረራ ዘመን ከኢጣሊያኖች ጋር በመተባበሩ የተነቀፈ ሰው ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚህ ምክንያት መጽሐፉን ከቤቱ አያስገባም። እኔ ግን በችሎት የተማርሁት አንድ ነገር አለ፤ ምስክሩ የተጠላ ሰው ቢሆንም እንኳ ቃሉ ለብቻው ይመዘናል። ስለዚህ አስቀረሁት፤ ባልደረባዬንም አልነቅፈውም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይን ያለ ክርክር እወዳቸዋለሁ፤ ጉድለታቸውን ሳላይ ግን አይደለም። በ1925 ዓ.ም. የታተመው ሐዲስ ዓለም በውጭ ሀገር ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከዘመዶቹና ከሀገሩ ልማድ ጋር የሚጋጭበት ታሪክ ነው። ደራሲው መምከር በጀመሩ ጊዜ ታሪኩን ይረሱታል፤ አንባቢው ደጅ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ነገር ግን ውጭ ሀገር ተምሮ የመጣ ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ያን መጽሐፍ ዛሬም ቢያነበው የራሱን ሰዎች ያገኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ። እኚህ ሰው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው መንግሥታቸውን እያገለገሉ ይህን ሁሉ መጻፍ የቻሉ፥ በ1931 ዓ.ም. በስደት በእንግሊዝ ሀገር ያረፉ ናቸው። የሥራ ብዛት የንባብ ጊዜ አሳጣኝ የሚሉኝን ሹማምንት በሰማሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል፤ በአፌ ግን አልናገርም።

ከሹማምንት ካነሣሁ አይቀር፥ ከ11 ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ሰው የፍትሐ ነገሥት ንባቡንና ትርጓሜውን «ለአንድ ሳምንት» ብለው ተውሰውኛል። መጽሐፉ በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተሰብስቦ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ፥ በ51 አንቀጽ የተከፈለ፥ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እስኪወጣ ድረስ ለዳኞቻችን መመሪያ የነበረ ነው። ለአንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም፤ መጠየቅም አልደፈርሁም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ግን በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደውን ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ብለው በ1864 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ መንግሥት ጽፈው አንዱን ለማስመለስ በቅተዋል። ከመቅደላ የሄዱት ሌሎቹ መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን ናቸው። እኔም አንድ ቀን ደብዳቤ እጽፍ ይሆናል።

እንግዲህ አሁን ወደ ረጠበውና ከሁሉ ወደሚበልጥብኝ መጽሐፍ ልምጣ። እርሱም ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ በሁላችሁም ቤት ስላለ፥ ብዙዎችም በራዲዮን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ስለ ሰማችሁት፥ ታሪኩን አልተርክም። ደራሲው እንደ እኔ የጎጃም ሰው ናቸው፤ እንደ እኔም ከቤተ ክርስቲያን ትምርት ወጥተው በአዲስ አበባ በሚሲዮን ትምርት ቤት ተምረዋል። ከዚያም በጣልያን ወረራ ተማርከው በኢጣሊያ ደሴቶች ለዓመታት ታስረዋል። ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ ዲማ ሲባል እውነተኛው ዲማ ነው።

አባቴ በዲማ ቅኔ የተቀኙ ሰው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. ዓይናቸው ሲደክም ወደ አስኮ አምጥቻቸው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ማታ ማታ ዳዊት አነብላቸዋለሁ፤ ስስት እንደ የኔታ ያርሙኛል። ልብ ወለድ ግን አይወዱም ነበር፤ «ልብ የወለደው ውሸት» ይሉታል። አንድ ማታ ብቻዬን እያነበብሁ ስስቅ ሰምተው ምንድር ነው አሉኝ። ነገርኋቸው። «ጸሐፊው ዲማን ያውቃልን?» አሉ። ተምረውበታል ብላቸው፥ «እስቲ አንድ ገጽ» አሉኝ። በዚያ ማታ 20 ገጽ ያህል አነበብሁ።

በፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት እንዴት እንደ ሳቁ ልነግራችሁ አልችልም። የሚያውቁትን ሰው ስም እየጠሩ፥ «ይህ እገሌ ነው እንጂ!» ይሉ ነበር። ጉዱ ካሣን ግን አልወደዱትም፤ «እውነት ይናገራል፤ ነገር ግን ጊዜ አይመርጥም» አሉ። በዛብህን ወላጆቹ በሕፃንነቱ እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር አገልግሎት ከተሳሉት ስፍራ በደረስን ጊዜ ግን፥ «ዝጋው» አሉኝ። ዘጋሁት። በማግሥቱም ዳዊት ብቻ አንብብ አሉ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ቡና አፍልታ ከሄደች በኋላ ጠሩኝና እንዲህ ነገሩኝ። ከእኔ በፊት የተወለዱ 2 ወንድሞቼ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እኔ ስወለድ አባቴ፥ ይህ ቢያድግልኝ ዕድሜውን ሁሉ ታቦት ያገልግል ብለው ተስለዋል፤ ለእናቴም አልነገሩም። አጎቴ ወደ ከተማ ልውሰደው ባለ ጊዜ ዓመቱ ክፉ፥ ጎተራውም ባዶ ነበርና እሺ አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በተወለድሁበት ወር ጧፍና ዕጣን ይዘው ይቅርታ ሲለምኑ ኖረዋል። ይህን ሁሉ ተናግረው ሲያበቁ፥ «ለመሆኑ ጸሐፊው የተሳለውን ልጅ በመጨረሻ ምን አደረገው?» ብለው ጠየቁኝ።

መጽሐፉን ከ5 ጊዜ በላይ ያነበብሁ ነኝ፤ የበዛብህን መጨረሻ አውቃለሁ። «ገና አልደረስንበትም፥ አባባ» አልሁ። «እንግዲያውስ ቀጥል» አሉኝ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ግን ንባቤን ሆን ብዬ አዘገየሁት። አንዳንድ ጊዜ፥ ትናንት እንቅልፍ ወስዶዎታል እያልሁ ያለፈውን እደግመዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜም ራሴን አሞኛል እላለሁ። እሳቸውም አንድ ጊዜ እንኳ አልተቈጡኝም። አስቀድመው አውቀውት እንደ ሆነ እንጃ። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ሲያርፉ ከመጨረሻው 100 ገጽ ያህል ይቀረን ነበር። ገጹን ለማስታወስ ከባለቤቴ ሙዳይ የወሰድኋት የአክርማ ሰበዝ በስፍራዋ ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ባለፈው ነሐሴ ውሃው የመጽሐፉን ሁለተኛ እኩሌታ አገኘው። በሰሌኑ ላይ 2 ቀን ደረቀና አብጦ እንደ እንጎቻ ተነፋ፤ ከሰበዙ በኋላ ያለው ቅጠል ግን ተያይዞ ቀረ። ሌላውን መርጬ 61 መጽሐፍ ሸጥሁ። ሲገዟቸው ያላመነታሁባቸው ብዙዎቹ ባለፉት ዓመታት በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ በነጻ የተሰጡኝ ነበሩ፤ አንድ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ግን እስከ ዛሬ ይቈጨኛል። ገንዘቡ ለቆርቆሮው ሙሉ ዋጋ ባይበቃም ባለቤቴ ከዕቁብ ጨምራበት በጥቅምት ጣሪያው ተለወጠ።

ከዚያ በኋላ በአንድ እሑድ ከሥራ ጉዳይ ስመለስ ባለቤቴን በደጅ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን መጽሐፍ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፥ የማንቈርቈሪያውን እንፋሎት እያስጠጋች፥ በቀጭን ቢላዋ ቅጠሉን አንድ በአንድ ትለያይ ነበር። ዳሩ ላይ ጥቂት ፊደል ጠፍቷል እንጂ ንባቡ ይታያል። 14 ዓመት የሆናት ልጃችን አጠገቧ ተቀምጣ የተለየውን ቅጠል በፎጣ ትጫናለች።

በዚያው ማታ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርን። አንድ ማታ እኔ፥ አንድ ማታ ልጄ እናነባለን፤ ባለቤቴም ምስር እየለቀመች ትሰማለች። ባለፈው ሳምንት ከሰበዙ ደረስን። ተራው የእኔ ነበረ። ልጄ፥ «አባዬ፥ የተሳለው ልጅ መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለችኝ። መጽሐፉን ሰጠኋት። ሰበዙን አውጥታ ለእናቷ አቀበለችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ቀጠለች።