ባንዲራ ተከትዬ ይቻንግ ገባሁ

ዛሬ ቻይና ነን። ቤጂንግና ሻንጋይን ግን አልነካቸውም፤ እነሱን ነጋዴውም ተማሪውም አውርቶ ጨርሷቸዋል። የምወስዳችሁ ይቻንግ ወደምትባል ከተማ ነው። ሁቤይ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ የያንግዜ ወንዝ ከገደሉ መሃል ወጥቶ ወደ ሜዳው የሚለቀቅባት ቦታ ናት። ወደ 4 ሚሊዮን ሕዝብ አላት፤ ቻይኖቹ ግን «ትንሽ ከተማ» ይሏታል። ትንሿ ይቺ ከሆነች እንግዲህ…

የሄድኩት ዉሃን ከተማ በምትማረው የአክስቴ ልጅ ግፊት ነው። «በቡድን ከሆነ ይረክሳል» ብላ ከጡረተኞች ጋር አስመዘገበችን። እውነቷን ነው፣ ይረክሳል። ዋጋውን የምትከፍሉት በሌላ በኩል ነው። ቀይ ቆብ ታጠልቃላችሁ፤ ትንሽ ባንዲራ የያዘች አስጎብኚ ትከተላላችሁ፤ እሷ «አርባ ደቂቃ» ካለች አርባ ደቂቃ ነው፤ ሽንት ቤት ሳይቀር በፕሮግራም! መሃል ላይ ሳትጠይቁ ሻይ ቅጠል መሸጫ ይወስዷችኋል፤ ቅመሱና ውጡ፣ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም። ምሳ በሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ ላይ ነው። እኛ በአገራችን ወግ ስንግደረደር ዓሣው ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ሲደርስ አጥንት ብቻ ሆነ። አትግደርደሩ!

ሰው ይቻንግ የሚሄደው ለግድብ ነው። እዚያው ከተማዋ ውስጥ ገዦባ የሚባለው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1988 ያለቀ፣ በዋናው የያንግዜ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው። ስሙ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ በዚሁ ግድብ ስም የሚጠራው ኩባንያ ነው ገናሌ ዳዋ 3ን የገነባው። ወንዙን ይዛችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ስትሄዱ ደግሞ ትልቁ፣ የሦስቱ ሸለቆዎች ግድብ ይመጣል። ፓስፖርት ሳትይዙ እንዳትሄዱ፤ ፍተሻው አውሮፕላን ማረፊያ የገባችሁ ያስመስላችኋል። ጉብታው ላይ ቆማችሁ ስታዩት 2,335 ሜትር ግንብ ነው። መርከቦቹ ባለ አምስት ደረጃውን የውሃ በር እየተቆለፈባቸውና እየተከፈተላቸው ለመውጣት አራት ሰዓት ያህል ይፈጅባቸዋል።

እኔ ታዲያ ደረቴን ነፍቼ ነበር የሄድኩት። ተማሪ ሳለሁ ለአባይ ግድብ ሳንቲም ያዋጣሁ ሰው ነኝ። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የእኛው 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን በቃሌ ይዣለሁ። በአክስቴ ልጅ በኩል አስጎብኚዋን «የእናንተስ ስንት ነው?» አልኳት። «22,500» አለች። ጭጭ አልኩ።

ወደ አውቶቡስ ስንመለስ አንዲት ባልቴት የሉም። አምስት ደቂቃ… አሥር… አሥራ አምስት። አስጎብኚዋ ባንዲራዋን እንደያዘች ሮጠች። ቡድኑ አጉረመረመ፤ እኔም አብሬ አጉረመረምኩ፣ ያውም በአማርኛ። መጥተው ከፊታችን ሲቀመጡ የአክስቴ ልጅ ምን እንዳቆያቸው ጠየቀቻቸው።

ለካ እኛ ከግድቡ ጋር ፎቶ ለመነሳት ስንጋፋ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለግድቡ ሰጥተው ከበላይ የተኛውን ውሃ ሲያዩ ነው የቆዩት። የዚጉዪ ሰው ናቸው። አሮጌው የዚጉዪ ከተማ ፈርሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ውሃው መሞላት ሲጀምር ቦታው ተዋጠ። በዚህ ግድብ ምክንያት ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ከመኖሪያው ተነስቷል። ያሁኑ ቤታቸው ሊፍት አለው፤ ይወዱታል፤ አልተማረሩም። «የእናቴ ቤት ግን ከወንዙ ድረስ የድንጋይ ደረጃ ነበረው» ብለው ስንት ደረጃ እንደሆነ ቁጥሩን ነገሯት።

አስጎብኚዋ ስለ ተርባይኑ ስትዘረዝር ይህን አላነሳችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ከዚያ በኋላ ሜጋ ዋቱ ከአፌ ጠፋ። ስለ አባይ ግድብ ስንቴ ተከራክሬያለሁ! ጉባ ላይ ውሃው ከተኛበት መሬት ስለተነሱት ሰዎች ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። እንዴት ሳልጠይቅ ቀረሁ?

ቀጥሎ አውቶቡሱ ሲቆም ባልቴቷ መጀመሪያ ወረዱ። ዚጉዪ በብርቱካኑ የታወቀ ነው፤ አንድ ከረጢት ሙሉ ገዝተው «ስላስጠበቅኳችሁ» እያሉ ለሁላችንም አደሉን። ሁለት ሁለት ደረሰን።

እንግዲህ ይቻንግ ከሄዳችሁ፣ አውቶቡስ ላይ መስኮት ከመሻማት ከአዛውንቶቹ ጎን ተቀመጡ። ብርቱካንም አለበት።