በጋወር አሸዋ ላይ ስለሚኖር ጥንዚዛ

በደቡብ ዌልስ ጋወር የሚባል ልሳነ ምድር አለ። በሰሜን ምዕራብ ጫፉ ያለው የአሸዋ ኮረብታ ዋይትፎርድ ይባላል። የብሪታንያ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር የባሕር ዳርቻዎችን ለማዳን በ1965 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በተነሣ ጊዜ አስቀድሞ ያገኘው ስፍራ ይኸው ነው። ኮረብታውን ነፋስ እንዳይበትነው ሥረ ረጅም ሣር ይዞታል፤ ከሥሩም ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስ የባሕር ሣርና ግንድ ጥሎ የሚሄድበት መስመር አለ።

በዚያ ስዘዋወር ብርድ ስለ ጸናብኝ እሳት ላነድ ብዬ አንድ ደረቅ ግንድ አነሣሁ። የቦታው ጠባቂም፥ «ጌታዬ፥ የሰው ቤት እኮ ነው የሚያነዱት» አለኝ። ከግንዱ ሥር ግማሽ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ገርጣ ያለ ጥንዚዛ አይቼ፥ «የቤቱ ጌታ ይህ ነውን?» ብለው ሳቀ።

እኛ ጥንዚዛ ሲባል የምናስበው እበት የሚያንከባልለውን ጥቁሩን ነው፤ የእርሱ መዳሰሻ ቀንድ ጫፉ ወፍሮ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። በምድር የሚሮጠው አዳኙ ወገን ግን ቀንዱ እንደ ክር ቀጭን ነው። ጠባቂው በማጉያ መስተዋት የኋላ እግሩን መርገጫ አንጓ አስቈጠረኝ፤ አራት ሆነ። አዳኞቹ በስድስቱም እግር አምስት አምስት አላቸውና ያ ትንሹ የሌላ ወገን ነበረ። ቀለም አይቶ መፍረድ ለካ በፍጥረትም ያሳስታል!

ከሁለተኛው ግንድ ሥር እውነተኛው ተገኘ። ርዝመቱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል፥ መልኩ እንደ ሰም፥ የክንፉ ክዳን በጥቁር የተወላገደ መስመር የተጻፈ፥ እግሩ ረጅም ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1767 «ኮምፕላናቱስ» ብሎ ሰየመው፤ በሚስዮን ከተማርሁት ላቲን እንደማስታውሰው «የተደለደለ» ማለት ነው፤ እውነትም ከግንድና ከአሸዋ መካከል የሚገባ ጠፍጣፋ ነው። ቀን ተሸሽጎ ይውላል፤ ሌሊት ወጥቶ በአሸዋ ላይ የሚፈናጠሩትን የሽሪምፕ ዘመዶች ያድናል። በብሪታንያ የሚገኘው በደቡብ ዌልስና በሰሜን ዴቮን ዳርቻ ብቻ ነው።

ጠላቱም ክፋት አይደለም፤ ንጽሕና ነው። ዳርቻው ለመዝናኛ ሲጠረግ ግንዱ ይነሣል፤ የባሕር ሣሩም ሲነሣ ምግቡ አብሮ ይጠፋል። የቀረውን ግንድ እንደ እኔ ያለ እንግዳ ያነደዋል።

ጠባቂው ግንዱን በነበረበት ጕድጓድ፥ እርጥቡን ፊት ወደ ታች አድርጌ እንድመልሰው አዘዘኝ። መለስሁት፤ ሻያችንንም ቀዝቃዛውን ጠጣን።