ለወንጪ የሚሆን ጫማ

ከጀሞ፣ ከለቡ ወይም ከመካኒሳ ለሚነሳ ሰው ወንጪ አመቺ ነው። የመሐል ከተማውን የመኪና ሰልፍ ሳያዩ ወደ ሰበታ መውጣት፣ ከዚያ በቱሉ ቦሎ አድርጎ ወሊሶ መግባት ነው። እስከ ወሊሶ 114 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ እያለ ወደ ብርዱ ይወጣል፤ ሐይቁን ቁልቁል የሚያዩበት አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። በገበታ ለሀገር ከለማ ወዲህ ደግሞ ከልጅ እስከ አያት ተጠራርቶ የሚሄድበት ቦታ ሆኗል።

ታዲያ ብዙ ቤተሰብ በጀልባ ተሻግሮ ደሴቱ ላይ ያለውን የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ያያል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ይመለሳል። ቀላል ጉዞ ነው ይባላል፤ እውነትም ቀላል ነው። ግን ቀላል ስለተባለ አባት በሠርግ ጫማው፣ እናት በነጠላ ጫማ፣ ልጅ «እንዲያድግበት» ሁለት ቁጥር ተጨምሮ በተገዛለት ስኒከር ይመጣሉ።

እኔ ዕድሜዬን በነርስነት ስላሳለፍኩ ከሐይቁ ይልቅ የሰው እግር ላይ አፈጣለሁ፤ ልማድ ነው። እግርን የሚጎዳው ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ሲወርዱ እግር ወደ ፊት ይንሸራተትና ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል፤ ማታ ጥፍር ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ተረከዝ ግን ጠበቅ ይበል፣ ሲራመዱ ከፍ ዝቅ አይበል። ለልጁ የተገዛው ሰፊ ጫማ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ተረከዙን እየፈተገ ውሃ ያስቋጥረዋል።

ጫማ ለመግዛት ከሰዓት በኋላ ይሂዱ። ጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ማታ የሚጠበው እግር ውሎ ስለሚያብጥ ነው። ለጉዞው የሚያደርጉትን ካልሲ አድርገው ይለኩ፣ ሁለቱንም እግር ይለኩ፤ እኩል እግር ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሶሉ ጎድጎድ ያለ ይሁን፤ እርጥብ የጀልባ ወለልና ጭቃ ላይ ልሙጥ ሶል ያንሸራትታል። ከገዙ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ሰፈር ውስጥ ይራመዱበት። ልጆች ከውጭ አገር የላኩትና ለክፉ ቀን ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ጫማም አይታመንም፤ ማስቲሹ ደርቆ ሶሉ መንገድ ላይ ይገነጠላል። ቀድመው ለጫማ ሰፊ ያሳዩት፣ ካስፈለገ ዙሪያውን ያሰፉት።

«አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልነበረም እንዴ ያሸነፈው?» የሚሉ አባቶች አይጠፉም። በ1952 ሮም ላይ አዎ። በ1957 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው የደገመው።

አጥብቄ የምናገረው ስኳር ላለበት ሰው ነው። ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ስሜት ያደነዝዛል። በሥራ ዘመኔ አንድ አባት ጫማቸው ውስጥ የገባ ጠጠር ሳይሰማቸው ቀኑን ሙሉ ተራምደውበት መጥተዋል፤ እኔ ካልሲያቸውን ሳወልቅ ነው ደሙን ያዩት። ቁስሉ ወራት ፈጀ፤ አንድ ጣትም አስቆረጠ። እንዲህ ያለ ሰው ከማጥለቁ በፊት ጫማውን ገልብጦ ያራግፍ፣ ውስጡን በእጁ ይዳስስ፤ ነጣ ያለ ካልሲም ያድርግ፣ ደም ቶሎ ይታያልና። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ስለዚህ ጎንበስ ማለት ለሚከብዳቸው በማሰሪያ ፈንታ ተለጣፊ ያለው ይሻላል። ሲወጡ መልሰው ከማጥለቃቸው በፊት ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የውስጥ እግራቸውን ይመልከትላቸው። እሾህም ቢሆን በዓይን እንጂ በስሜት አይገኝም።

ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልሎ መያዝ አይከብድም፤ ከጀልባ ሲወርዱ እግር ይርሳል፣ እርጥብ ካልሲ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። መመለሻው ዳገት ነውና ጉልበት ለሚያማቸው የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ። ዋጋውን ከመቀመጥዎ በፊት ይነጋገሩ። ለፈረስም ቢሆን ተረከዝ ያለው ጫማ ይሻላል፤ እግር በእርካቡ ውስጥ አልፎ እንዳይያዝ።